ቋጠሮ

ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ ከበሩ በስተግራ፣
«ደሴ! ሁለት ሰው! ደሴ!» ረዳቱ ሲጣራ፣
ዘይቴም ይመልሳል ከምድጃው፣ በተራ።
አራት ሳምቡሳ፣ አንድ ፌስታል፤
አፉን ጠምዘዝ፣ ሁለቴ ቋጠር፤
ተሳፋሪው በመስኮት ይቀበለኛል፣
ሐረጎን ሳይጨርስ፣ ከሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣
ባዶውን ለነፋስ ይለቅለታል።

እኔ ምን አገባኝ? የኔ ሥራ ማሰር፣
የነፋሱ መውሰድ፣ የቦርከና መሸኘት፣
የአጥሩ እሾህ ደግሞ ማውለብለብ ነበር።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስንረዳዳ
ማን ሒሳብ ይዞብን፣ ማን ጠይቆን ዕዳ።

የጋሽ ይመር ላም ግን፣ ሸጊቱ ያሏት፣
ከመስክ ተመልሳ ሣር ውኃ እምቢ አላት።
ሆዷ ከበሮ አክሎ፣ ሦስት ቀን አቃስታ፣
ሐሙስ ሌሊት አለፈች ከበረቷ ተኝታ።
ሥጋዋ ላይበላ፣ ነፍሷ ላይመለስ፣
«ምን ገደላት?» ብሎ ሙህዬ ባለቢላው ጨጓራዋን ሲዳስስ፣
ሣር አልወጣም፤ ገለባም አልወጣም።
የወጣው ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣
እንደ ልጆች የጨርቅ ኳስ እርስ በርሱ የተገመደ፣
አንድ ሳፋ ሙሉ ፌስታል።
ጎረቤት ከንፈሩን መጠጠ።
እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁ፦
ጠምዘዝ፣ ሁለቴ ቋጠር።
ጠምዘዝ፣ ሁለቴ ቋጠር።
ፊደል ባልቆጥርም ፊርማዬን አወቅሁት።

ለማንም አልነገርኩም።

ስሙን ማን አወጣለት? ፌስታል ይሉታል፤
ስንቱን አሥሮ ገደለ፣ እሱ መች ይፈታል?

የእንድሪስ ልጅ ጦይባ፣ ኢንስቲትዩት የምትማረው፣
ከድንች ስታርችና ከማሽላ ገለባ
ከረጢት ትሠራለች አሉ። ሄድኩባት።
ሠላሳ ቆጥራ ሰጠችኝ፤
ቀለሙ የሻይ አተላ፣ ሽታው የረጠበ ጆንያ።
በመጀመሪያው ቀን ዘይቱ ሾልኮ
የአንድ መምህር ሱሪ፣ ጭኑ ላይ፣ ካርታ ሣለ፤
«ምነው እቴ፣ ለሠርግ እኮ ነው የምሄደው!» አለ።
በማግስቱ ዘነበ፤
ሳምቡሳው ከጭቃው፣ እጀታው ከደንበኛዬ መዳፍ ቀረ።
ጦይባ ሳቀች፤ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤
«ቆይ፣ ሰም እቀባዋለሁ» አለች።
«ሰሙን ካገኘሽ ወርቁ አይጠፋም» አልኳት።

እስከዚያው ሙህዬ የኮባ ቅጠል አመጣልኝ፤
«ቅቤው በዚህ አይደል ገበያ የሚወጣው?
ያንቺ ሳምቡሳ ምን ስለሆነ ነው?»
ቅጠሉ ትኩስ ዘይት ሲነካው ይጠወልጋል እንጂ አያሾልክም።
ግን ወጣቶቹ ይስቁብኛል፤
«እናትዬ፣ ፌስታል ጠፍቶ ነው?»
ደግሞም ፌስታሉ አንዱ በብር፣ የጦይባ አንዱ በአራት፤
ዘይት እንዲህ ተወዶ ማን ይችላል ልፋት?

ከጓሮዬ፣ ከሎሚው ሥር፣ ሁለት ጉድጓድ ማስኩ፤
ባንዱ የጦይባን፣ ባንዱ የኔን ቀበርኩ፤
ሁለቱንም በእጄ፤ ጠምዘዝ፣ ሁለቴ ቋጠር።
በየዓርቡ አመሻሽ እየጫርኩ አያለሁ።
የጦይባ በሁለተኛው ዓርብ ሻገተ፣
በሦስተኛው ትል ገባበት፣
አርባው ሳይወጣ አፈር ሆነ።
ወግ ደረሰው አልኩ።
ፌስታሌ ግን አፈሩን ባራግፍለት
ትናንት ከሱቅ የወጣ መሰለ፤
ከነሰማያዊነቱ፣ ከነቋጠሮው፣
እኔን ቀብሮ የሚያለቅስ ይመስል ፊቴን ያየኛል።
ሞትን ስረግም ነው የኖርኩት፤
ሞት የተነፈገ ነገር ያየሁት ያን ለታ ነው።

አልዋሽም፤ ከዱካዬ ሥር
ዛሬም ግማሽ ጥቅል ፌስታል አለ፤
ለሚነጫነጭ እሰጠዋለሁ።
ግን አልቋጥረውም።
አፉን ክፍት አድርጌ አቀብለዋለሁ፤
ፊርማዬ ዳግመኛ በሰው ከብት ሆድ እንዳይነበብ።

ትናንት ጋሽ ይመር መጣ። በትሩን ይዟል፤
የሚነዳው ግን የለም።
አራት ሳምቡሳ በኮባ ጠቀለልኩለት።
ብር ሲያወጣ እጁን መለስኩት።
«ምነው?» አለኝ።
አፌ ላይ ነበረ።
«የተረፈኝ ነው» አልኩት።